«በጣም ጠንካራ» ያለኝን ፓስወርድ ልመነው?

ጥያቄው፦ «በቴሌግራም ልብስ እሸጣለሁ። ፓስወርዴ የልጄ ስም ነው፤ የመጀመሪያውን ፊደል በትልቁ እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ @፣ ከዚያ የተወለደበት ዓመት፣ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ። የፓስወርድ ጥንካሬ የሚለካ ድረ ገጽ ላይ ሳስገባው አረንጓዴ በርቶ ‹በጣም ጠንካራ› አለኝ። ጂሜይሌም ፌስቡኬም የሚከፈቱት በዚሁ ነው። ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ቴሌግራም ስለተጠለፈ ፈራሁ። ድረ ገጹን ልመነው ወይስ ሌላ ልሥራ? ዕቃ የምትልክልኝ ዱባይ ያለችው እህቴም በእኔው አካውንት ነው የምትገባው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አይመኑት። ፓስወርዱን ዛሬውኑ ይቀይሩት። ምክንያቱን ከራስዎ ጥያቄ ውስጥ አውጥቼ ላሳይዎ።

ፓስወርዱን አልጻፉልኝም፤ ደግ አደረጉ። የነገሩኝ አሠራሩን ብቻ ነው። እስቲ አሠራሩን ብቻ ይዘን እንቁጠር። የኢትዮጵያውያን ስም፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ያለውን የተለያየ አጻጻፍ ሁሉ ጨምረን፣ 50,000 ነው እንበል። የመጀመሪያው ፊደል ትልቅም ትንሽም ሊሆን ስለሚችል 100,000 ይሆናል። የትውልድ ዓመት ከመቶ አይበልጥም። በእኛ አቆጣጠር መጻፉም ብዙ አይረዳም፤ መቶውን ዓመት በተራ የሚሞክር ሰው የእኛንም የፈረንጁንም ያገኘዋል። አሁን 10 ሚሊዮን ደረስን። መሐል ላይና መጨረሻ ላይ ለሚገቡት ምልክቶች አሥር አሥር አማራጭ ብንሰጣቸው ጠቅላላው 1 ቢሊዮን ይሆናል። ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ነው። ወጣቶች ጌም ለመጫወት የሚገዙት አንድ ዘመናዊ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ግን፣ በደካማ መንገድ የተቀመጠ ፓስወርድ ሲገጥመው፣ በሰከንድ ከ100 ቢሊዮን በላይ ግምት ይሞክራል። የእርስዎ ፓስወርድ የሚያቆየው የሰከንድ አንድ መቶኛ ነው።

የልጅዎን ስም እንኳ ማወቅ አላስፈለገኝም። ፌስቡክ ላይ የልደት ፎቶውን ለጥፈው ከሆነ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱም አያስፈልግም።

ጥሩ ፓስወርድ ማለት አሠራሩን ሰው ሁሉ ቢያውቀው እንኳ የማይደፈር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ ሆላንዳዊ በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ወታደራዊ ምስጢር ሲጽፍ፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅም ችግር መፍጠር የለበትም፣ ምስጢሩ ቁልፉ ብቻ ይሁን ብሏል። የእርስዎ ፓስወርድ ምስጢሩ ዘዴው ነበር። ዘዴውን ደግሞ ጠላፊዎች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል፤ ምክንያቱም የዓለም ሰው ሁሉ ትልቁን ፊደል መጀመሪያ ላይ፣ ቁጥሩንና ቃለ አጋኖውን መጨረሻ ላይ ነው የሚያደርገው።

«ግን ጂሜይል ሦስት አራቴ ከተሳሳትኩ ይከለክለኝ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት፤ በር ላይ ቆሞ የሚገምት ጠላፊ ብዙ አይራመድም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። አካውንት የከፈቱበት አንድ ድርጅት ይዘረፍና የደንበኞቹ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ይወጣል። ጠላፊው ፋይሉን ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳይከለክለው፣ ቀንና ሌሊት ይገምታል።

ደንበኛውን የሚያስብ ድርጅት ፓስወርድዎን እንዳለ አያስቀምጠውም። ሃሽ በሚባል ስሌት ይፈጨዋል። በርበሬ አንዴ ከተፈጨ ወደ ዛላው እንደማይመለስ፣ ሃሽም ወደ ፓስወርዱ አይመለስም። ጠላፊው ማድረግ የሚችለው የራሱን ግምት በዚያው ወፍጮ እየፈጨ ከተሰረቀው ዱቄት ጋር ማመሳሰል ነው። ስለዚህ ጥሩ ወፍጮ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ይደረጋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ፓስወርድም የተለየ የዘፈቀደ ጭማሪ ይገባበታል፤ ባለሙያዎች ጨው ይሉታል። ጨው ከገባበት የሁለት ሰው ፓስወርድ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ዱቄታቸው ይለያያል።

ይህን ሁሉም አያደርገውም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ የሚባል ድርጅት ተዘርፎ ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርድ ሲወጣ፣ አንዱም አልተፈጨም ነበር። ከውስጡ 123456 ብቻውን ከ290,000 በላይ ሰዎች ተጠቅመውበት ተገኘ። ከዚያ ፋይል የተወሰደው የቃላት ዝርዝር እስከ ዛሬ ድረስ ጠላፊ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ነው። በ2012 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሊንክድኢን የተባለው የሥራ መገናኛ ድረ ገጽ ሲዘረፍ ፓስወርዶቹ ተፈጭተው ነበር፤ ጨው ግን አልገባባቸውም፤ ወፍጮውም ፈጣን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የ117 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ለሽያጭ ቀረበ። እርስዎ የየትኛው ድርጅት ወፍጮ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አይችሉም። ስለዚህ ፓስወርድዎን የሚሠሩት ሁሉም ደካማ እንደሆነ አስበው ነው።

አሁን ወደዚያ አረንጓዴ መብራት እንምጣ። ብዙዎቹ መመዘኛዎች የሚቆጥሩት መልኩን ነው፦ ትልቅ ፊደል አለ፣ ቁጥር አለ፣ ምልክት አለ። ሕጉ የመጣው ቢል በር የተባለ ባለሙያ በ2003 ለአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ከጻፈው መመሪያ ነው። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ2017፣ በጻፈው መጸጸቱን ለጋዜጣ ተናገረ። ተቋሙም በዚያው ዓመት አሮጌውን ሕግ ትቶ፣ ምልክትና ቁጥር ማስገደድ ይቅር፣ ርዝመት ይታይ፣ ፓስወርዱ ከዚህ በፊት ተሰርቀው ከወጡት ጋር ይመሳከር አለ። በ2025 ባወጣው ደግሞ፣ ሌላ ማረጋገጫ ሳይኖር በፓስወርድ ብቻ የሚገባ ሰው ቢያንስ 15 ፊደል ያስፈልገዋል ይላል። የእኛ አገር ብዙ ድረ ገጾች ግን አሁንም የ2003ቱን ሕግ ይዘው ያስጨንቁናል።

የተሻሉ መመዘኛዎችም አሉ። ከነሱ የታወቀው ድሮፕቦክስ በተባለ ድርጅት ውስጥ በ2012 የተሠራው ነው፤ ፓስወርዱን እንደ ጠላፊ እየበታተነ በቃላት ዝርዝር ይፈትሻል። ዝርዝሩ ግን የእንግሊዝኛ ቃላት፣ የአሜሪካ ሰዎች ስምና የተለመዱ ፓስወርዶች ነው። አማርኛ አያውቅም። «ጆን» ብለው ቢጽፉ ስም መሆኑን ይነግርዎታል፤ «ወይንሸት» ብለው በላቲን ፊደል ቢጽፉ ግን ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር ይመስለውና ያሞግስዎታል። ኢትዮጵያዊ ጠላፊ ወይንሸትን ያውቃታል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ አማርኛ በላቲን ፊደል መጻፍን እንደ ምስጢር ማየቱን መተው አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ የሚጠቀሙበትን ፓስወርድ ማንነቱን በማያውቁት ድረ ገጽ ላይ መጻፍ በራሱ ስህተት ነው። አንዴ ስለገባ ብቻ እንኳ መቀየር ነበረበት።

እንግዲህ እንዴት ይሠራ? ሰው ከራሱ ጭንቅላት የዘፈቀደ ነገር ማውጣት አይችልም። «ማንም የማይገምተው» ብሎ የመረጠው ሁሉ ከሕይወቱ የተቀዳ ነው፦ ልጅ፣ ሰፈር፣ ክለብ፣ ታቦት። ስለዚህ ምርጫውን ከእጃችን አውጥተን ለዕጣ እንስጠው። ፈረንጆች ዕጣውን በዳይስ ያወጣሉ፤ አርኖልድ ራይንሆልድ የተባለ አሜሪካዊ ከ1995 ጀምሮ 7,776 ቃላት ቆጥሮ ያስተማረው ዘዴ ነው። እኛ ግን እቁብ የለመደ እጅ አለን፤ እኔ ቤተሰቦቼን ያስተማርኳቸው እንዲህ ነው።

ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች በአሥር እኩል ቁራጭ ወረቀት ይጻፉ፤ እኩል አጣጥፈው ቆብ ውስጥ ይጨምሩ። ወፈር ያለ፣ ሺህ ገጽ የሚጠጋ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይያዙ። ዕጣ ያውጡ፣ ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ወረቀቱን መልሰው ቆቡን ያናውጡ። ሦስት ጊዜ ሲያወጡ የገጽ ቁጥር ያገኛሉ። አራተኛው ዕጣ በዚያ ገጽ ላይ ስንተኛው ቃል እንደሆነ ይነግርዎታል፤ ዜሮ ከወጣ አሥረኛው ነው። ገጹ ከሌለ ወይም ቃሉ ካልሞላ ያንን ዙር ትተው እንደገና ያውጡ። እንዲህ እያደረጉ ስድስት ቃል ይሰብስቡ።

ለምሳሌ «ጉልቻ ቀንበር ሎሚ ድርቆሽ መጋዝ ዘመድ» ቢወጣልዎ፣ በላቲን ፊደል በትንሹ፣ በመካከላቸው ሰረዝ አድርገው ይጽፉታል። ይህን ምሳሌ እንዳይጠቀሙበት፤ ተነግሯል። ትልቅ ፊደል አያስፈልግም፤ አካውንቱ ካስገደደዎ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥርና ምልክት ጨምረው ይለፉት፤ ጥንካሬው ከእሱ አይደለም።

ሒሳቡን አብረን እንይ። አንዱ ቃል ከ10,000 አንዱ ነው። ስድስት ቃል ማለት 1 ተጽፎ 24 ዜሮ ይከተለዋል ማለት ነው። ያው በሰከንድ 100 ቢሊዮን የሚገምተው ካርድ ሁሉንም ለመጨረስ ከ300,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አምስት ቃል ብቻ ከሆነ 32 ዓመት ገደማ ነው። ጠላፊው መቶ ካርድ ቢያሰልፍ 32ቱ ዓመት ወደ አራት ወር ይወርዳል፤ ስለዚህ ስድስት ይሁን እላለሁ። ልብ ይበሉ፣ ይህን ስቆጥር ጠላፊው የቆቡንም፣ የመዝገበ ቃላቱንም፣ የሰረዙንም ነገር ሁሉ ያውቃል ብዬ ነው። እኔም እዚህ በአደባባይ ስጽፈው ከጥንካሬው አንዲት ነጥብ አልቀነስኩም።

ሁለት ነገር ዘዴውን ያበላሹታል። አንደኛው «ይህ ቃል አያምርም» እያሉ ደጋግሞ ማውጣት ነው፤ ያኔ የሚመርጠው ዕጣው መሆኑ ይቀርና እርስዎ ይሆናሉ። ሁለተኛው በቃላቱ ፈንታ የታወቀ አባባል መጠቀም ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ረጅም ነው፣ መመዘኛውም ይወደዋል፤ ግን ሰው ሁሉ ያወቀው አንድ ነገር እንጂ አራት ቃል አይደለም። የዳዊት ጥቅስም እንዲሁ ነው። ስድስቱን የዕጣ ቃላት ለመያዝ አይፍሩ። በጉልቻ ላይ ቀንበር የጣደ፣ ሎሚ በድርቆሽ የሸፈነ ሰው በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉ። በሁለት ቀን ይለምዱታል።

«በግዕዝ ፊደል ብጽፈውስ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ልቤ ቢወደውም አልመክርም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ፀሐይ»ን አንድ ቀን በጸሎቱ ጸ ከጻፉት በሩ አይከፈትም። የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ስልክ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ከገዛ አካውንትዎ ውጭ ይቀራሉ።

አሁን ከጥንካሬም በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ፤ ጂሜይልና ፌስቡክ በአንድ ፓስወርድ ነው ብለዋል። ጠላፊዎች ከአንድ ዘረፋ ያገኙትን ኢሜይልና ፓስወርድ በመቶ ሌላ ድረ ገጽ ላይ በፕሮግራም ይሞክሩታል። በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል የተባለው የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ለቀናት የተዘጋው ሠራተኛ ሌላ ቦታም ተጠቅሞበት ሳይሆን አይቀርም በተባለ፣ ቀድሞ በወጣ አንድ ፓስወርድ ጠላፊዎች ስለገቡ ነው፤ ድርጅቱ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈላቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተለየ ፓስወርድ። «እንዴት አስታውሰዋለሁ?» አያስታውሱትም። በቃል የሚይዙት ሁለት ብቻ ነው፦ የኢሜይልዎንና የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራምዎን። ሌላውን ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያስታውሳል። ቢትዋርደን የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ኪፓስ የተባለው ፋይሉን ስልክዎ ላይ ብቻ ያስቀምጣል።

ፕሮግራም ካልወደዱ ደብተር ይጠቀሙ። እውነቴን ነው። ደብተሩን ከቤቱ ካርታና ከልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር ያኑሩት፤ ሌላ አገር ተቀምጦ የሚሰርቅ ሰው የእርስዎን ሳጥን አይከፍትም። ቴሌግራም ሴቭድ መሴጅ ውስጥ ግን ፓስወርድ አያስቀምጡ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ቴሌግራሙ ሲጠለፍ የቁልፉ መዝገብ አብሮ ይሄዳል።

ፓስወርድ መፈተሽ ከፈለጉ ትክክለኛው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ተሰርቆ ወጥቷል ወይ?» የሚለው ነው። ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ ከ2013 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ኢሜይልዎን ሲጽፉ በየትኞቹ ዘረፋዎች ውስጥ እንደተገኘ ይነግርዎታል። ፓስወርድ የሚፈተሽበት ክፍልም አለው፤ እዚያ ላይ ፓስወርድዎ ከስልክዎ አይወጣም። ስልክዎ ራሱ ይፈጨውና ከ40ው የሃሽ ፊደላት የመጀመሪያዎቹን አምስት ብቻ ይልካል፤ ድረ ገጹ በእነዚያ አምስት የሚጀምሩትን ሃሾች ሁሉ ይመልስለታል፤ ማመሳሰሉን ስልክዎ ለብቻው ይጨርሳል። ክሮም ውስጥ ያስቀመጧቸውንም ጉግል ተመሳሳይ ፍተሻ ያደርግላቸዋል። «አልተገኘም» ካለ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም፤ «ተገኝቷል» ካለ ግን ነገሩ አልቋል፤ ይቀይሩት።

ካልወጣና ማንም ካላየው በየሦስት ወሩ መቀየር አያስፈልግም። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት፣ እንዲቀይሩ ከሚገደዱ ሰዎች አሮጌ ፓስወርድ ተነስቶ አዲሱን በአምስት ግምት ውስጥ ማግኘት የተቻለው ከመቶ አካውንት በ17ቱ ነው። ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ነው የሚቀይረው።

የጓደኛዎ ቴሌግራም ግን ምናልባት በፓስወርድ አልተጠለፈም። ቴሌግራም ራሱ ሲከፈት የሚጠይቀው በኤስኤምኤስ ወይም በሌላ ስልክዎ ላይ የሚመጣውን ኮድ ነው። ጠላፊው በወዳጅ ስም «በስህተት ኮድ ልኬብሻለሁ፣ መልሺልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የሰጠ ሰው አካውንቱን ሰጠ። ማንም፣ ወንድምዎም ቢሆን፣ ኮድ ከጠየቀዎ ደውለው በድምፁ ያረጋግጡ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ግላዊነትና ደኅንነት ከሚለው ሥር ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩት። ያኔ ኮዱ ብቻውን አይበቃም፤ እርስዎ የሰጡት ፓስወርድም ይጠየቃል።

ጂሜይልዎን ማን ከፈተልዎ? ይህን የምጠይቀው ስልክ የሸጠው ልጅ የደንበኛውን ጂሜይል ራሱ ከፍቶ፣ የራሱን ቁጥር መመለሻ አድርጎ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ ነው። ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል። ግን መመለሻ ቁጥሩ የእሱ ከሆነ፣ ስድስቱን ቃል በዕጣ ቢያወጡም የቁልፉ ባለቤት እሱ ነው። አካውንቱ ውስጥ ገብተው መመለሻ ስልኩና ኢሜይሉ የእርስዎ መሆኑን ይዩ። «እናትዎ ከጋብቻ በፊት የነበራቸው ስም ማን ነው?» የሚል የደኅንነት ጥያቄ ካለበትም እውነተኛውን አይመልሱ። ጥያቄው የተሠራው ሴት ስታገባ ስሟን ለምትቀይርበት አገር ነው። የእኛ እናቶች ስም አይቀይሩም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በመልሱ ቦታ ሌላ የዕጣ ቃላት ጽፈው ደብተሩ ላይ ያስፍሩት።

የእህትዎ ጉዳይ ቀላል ነው። አካውንትዎን አይጋሯት። ቻናሉ ላይ በራሷ አካውንት አድሚን ያድርጓት፤ ቴሌግራም የምትለጥፈውንና የምታጠፋውን ለይተው እንዲፈቅዱላት ያስችልዎታል። ከዚያ የተከፈቱ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍተው ከራስዎ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ ያስወጡ። አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁልኝ፤ የእሷ ቴሌግራም የተከፈተው ስትሄድ ትታው በሄደችው የኢትዮጵያ ቁጥር ነው ወይ? ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የመግቢያ ኮዷ የሚደርሰው አዲሱ ባለቤት ጋ ነው። እንደዚያ ከሆነ ዛሬ ማታ ስትደውልልዎ፣ አካውንቱ ገና በእጇ ሳለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን በዱባዩ ትቀይረው።